ኩባያው ውስጥ ስለቀረችው ዕጣ

ለተከበሩት የፋኩልቲያችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አዲሱ ወንበር ለወገብዎ እንደተስማማዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አብረን በሠራንበት የምድር ቤት ቢሮ ያለው፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈው የድሮ ወንበርዎ ግን ዛሬም እንደነበረ ነው። ለዓመታት «አንተ» እያለ የኖረ እጄ «እርስዎ» ብሎ ሲጽፍ ቢደናቀፍ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። የእኔን ስንብት የለጠፉት እዚያው ስለሆነ፣ አርአያዎን መከተሌ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ የምርምር ሥራዬን መርምሮ፣ «መምህርቷ በሳይንስ ፍልስፍናና በኢኮኖሚክስ ዘርፍ ስሟ ቀድሞ የወጣበት አንድም ጽሑፍ ስለሌላት የቅጥር ውሏ አይታደስም» ማለቱ እንከን የማይወጣለት ውሳኔ ነው። እውነት ነው፤ የለኝም። አብረን በጻፍናቸው ሁሉ ላይ የሚቀድመው የእርስዎ ስም ነው። የሚቀድመው ስም ብቻ ይቆጠር የሚለውን ደንብ በሹመትዎ ማግስት ማውጣትዎም ለሥራ ያለዎትን ትጋት ያሳያል።

፪ኛ. የእርስዎ ስም ለምን እንደሚቀድም አንባቢ ይወቅልን። እንዳንጨቃጨቅ ዕጣ እናወጣ ነበር። እርስዎ በሁለት ብጣሽ ወረቀት ስማችንን ይጽፉና ጠቅልለው፣ እጀታው የተሰበረው የሻይ ኩባያ ውስጥ ይጥሏቸዋል፤ ከዚያም «በይ እህት ዓለም፣ እጅሽ የተባረከ ነው፣ አንቺ አውጪ» ይሉኛል። በዚያ በተባረከ እጄ ሁልጊዜ የእርስዎን ስም አወጣሁ። የእኔ አንድም ቀን አልወጣም። እርስዎም ከንፈርዎን እየመጠጡልኝ፣ የቀረችውን ሳይከፍቱ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይደፏት ነበር። ሳንቲም ደጋግሞ በአንድ ፊቱ ሲወድቅ ሳንቲሙን ጠርጥሩ ብዬ የማስተምር ሴት፣ እንደ ወንድም የማየውን ባልደረባዬን መጠርጠር ነውር መስሎኝ ዕድሌን ስረግም ኖርኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉ የለ!

፫ኛ. ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ለወንበር ያበቃዎት ጽሑፋችን፣ ኢኮኖሚስቱ ገበያው ላይ የቆሙትን ሱቆች ብቻ አይቶ የስኬት ሕግ ያወጣል፣ የተዘጉትን በር ግን አያንኳኳም የሚል ነበር። መደምደሚያውም «ያልተከፈተውን ሳይከፍቱ አወቅሁ ማለት አይቻልም» ይላል። እሷን ዐረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። በሹመትዎ ቀን እንደ ራስዎ ቃል ሲያነቧት ቀድሜ ያጨበጨብኩትም እኔው ነኝ። ባለቤቴ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «ያንቺ አይደለም እንዴ?» ቢለኝ፣ «ዝም በል፣ የእኔና የእሱ አንድ ነው» አልኩት። ከስንብቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ መልሴ ነው።

፬ኛ. እናትዎ በታመሙ ጊዜ የእርስዎን ክፍል ከእኔው ጋር ደርቤ ያስተማርኩት ውለታ ይቆጠርልኝ ብዬ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። ብቻ በጣም አዝኛለሁ። እዚህ ላይ ሽሙጥ አልመጣልኝም።

ቢሮውን እስከ ዓርብ እንድለቅ ጊዜ ስለሰጡኝ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ የማይነቃነቅ ወንበርም እመኝልዎታለሁ።

ሁልጊዜ ሁለተኛ የነበረችው፣
በዚህ ጽሑፍ ግን ዕጣ ሳይወጣ ብቻዋን የቆመችው፣
የቀድሞ እህትዎ

ማስታወሻ፦ የመጨረሻውን ዕጣ ባወጣን ቀን፣ እንደ ልማዴ የእርስዎን ስም እንዳወጣሁ ስልክ ተደውሎ መሾምዎ ሲነገርዎ፣ በደስታ ኩባያውን ሳይደፉ ሮጠው ወጡ። ትናንት መደርደሪያዬን ሳራግፍ አገኘሁት። ሁለተኛዋ ዕጣ እንደተጠቀለለች አለች፤ አልከፈትኳትም። ለዓርቡ የመምህራን ስብሰባ ከነኩባያዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣታለሁ፤ እርስዎ የመረጡት ሰው ይክፈታት። የእኔ ስም ከወጣ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠይቄ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይህን ደብዳቤ በእጄ ቀድጄ እጥላለሁ። ምናልባት ኩባያው ከስብሰባው በፊት ቢጠፋም አይጨነቁ፤ ያን ጊዜ መክፈት አያስፈልገንም።