ሳይነካ የሚገጭ መኪና

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት እሺ አለሽ? የእማዬ ሳል ተሻላት ወይስ አሁንም መድኃኒቱን ትራስ ሥር ትደብቃለች? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደኅና ነኝ። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፤ እሱን ደጋግሞ መጻፍ ወረቀት መጨረስ ነው።

ከልብስ ስፌቱ ቤት ማዶ ባለው ቤተ መጻሕፍት ከሥራ በኋላ ኮምፒውተር እማራለሁ ብዬሽ ነበር። ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ያወቅኋት ትንሽ የኮምፒውተር እውቀት እዚያ አድርሳኛለች። አስተማሪዋ ሦስት ሦስት አድርጋ መደበችንና አንድ ቀላል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርታችሁ ቅዳሜ አሳዩኝ አለች። ያላሳየ ቡድን ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ሳሳጥር እውላለሁ፤ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳኝ ሌላ መንገድ አላየሁም።

የቡድኔ ሰዎች አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አንድ የሕንፃ ጥበቃ ናቸው። ጨዋታው ጃንጥላ የያዘች አሮጊት መኪና ሳይገጫት አስፋልት የምትሻገርበት ነው። ሥዕሉን እኔ ሣልኩ፣ ሹፌሩ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ትእዛዝ ጻፈ፣ ጥበቃው ድምፁን አስገባ። ጥበቃው አሮጊቷን ሲያያት አማቴን ትመስላለች አለና ለማሻገር ብዙም አልተጨነቀ።

ሐሙስ ለት ሞከርነው። መኪናው ገና ሳይደርስባት አሮጊቷ ወደቀች። ደገምነው፤ ያው ነው። ጥበቃው ሹፌሩን፣ «አንተ ሰውዬ፣ አውቶቡሱንም እንዲህ ነው የምትነዳው?» አለው። ለቀልድ ነበር። የሹፌሩ ፊት ግን ጠቆረ። ትእዛዙን ከላይ እስከ ታች አይቶ ስሕተት ሲያጣበት፣ በዕድሜዬ ሰው ገጭቼ አላውቅም፣ እዚህ መጥቼ ነፍሰ ገዳይ አልባልም ብሎ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ያለ እሱ ደግሞ ትእዛዙን የሚያውቅ የለንም።

ጥበቃው አፉን እየረገመ ሥዕሎቹን አጉልቶ ማየት ጀመረ። በአሮጊቷ ዙሪያ ያለው ባዶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለስፌት የሚተወው ነዋ አልኩት። ጨርቅ ሲቆረጥ ከልኩ ጣት ያህል ዳር ይተዋል፣ አለዚያ ልብሱ ይጠባል። እጄ ለምዶ አሮጊቷንም መኪናዎቹንም እንደዚያው አድርጌአቸዋለሁ። ዳሩን በአስፋልቱ ቀለም ስለቀባሁት ለዓይን አይታይም። ለኮምፒውተሩ ግን እሱም አሮጊት ነው፤ ዳር ከዳር ሲነካካ ተገጨች ይላል።

ዳሩን ቆርጬ ጣልኩና በማግስቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ። ሰው ፊት መናገር እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ። ሹፌሩን ተራ እየጠበቀ መሪው ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ያንተ ትእዛዝ ልክ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩትና የስፌቱን ነገር አስረዳሁት። ከዚያ፣ «እህቴ፣ መንገድ ላይማ እንዳንቺ ትርፍ የሚተው ሰው ቢኖር እኔስ ባልሸበትኩ ነበር» አለኝ። ይሳቅ አይሳቅ መለየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ግን ከሁላችን ቀድሞ ተቀምጦ አገኘነው። አስተማሪዋ ስትጫወት አሮጊቷ ሁለቴ ተገጨች፤ ሁለቴም በደንብ ተነክታ። በሦስተኛው ተሻገረች። አልፈናል። የሠሪዎቹን ስም ጻፉበት ስትለን ሹፌሩ የኔን ከላይ አደረገው። ተው አልኩት፤ አልሰማኝም። ስሜ እዚያው አለ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትልቁን በርታ በይልኝ፣ ትንሿን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ ባልቴትም ብትጠይቅሽ ደኅና ናት በያት።

እህትሽ

ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ፣ የካቲት ፲፩ ቀን