ዘሀራ ጋሽ ይማምን ያረመች ቀን

መርሳ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ቅዳሜ ወልድያ በመምህራን ስልጠና ላይ የማቀርበው ጥናት «ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ ለመናገር ለምን ይፈራሉ?» የሚል ነው። ዛሬ ክፍሌን ኋላ ተቀምጠው እንዲያዩልኝ የጂኦግራፊ መምህራችንን ጋሽ ይማምን ለመንኳቸው። ሞኝ ነኝ! ሽማግሌ ተቀምጦ ማን ደፍሮ ይናገራል? ክፍሉ በአክብሮት ጸጥ አለ፤ የምመዘግበው ነገር አጣሁ።

ድንገት ጋሽ ይማም እጃቸውን አወጡ። «ቲቸር፣ እኔ ልሞክር?» አሉ። ተነስተው ስለ ግራና ከተማ ገበያ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ፤ መሃል ላይ «ፒፕል ኢዝ» ብለው ተሳሳቱ። ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ዘሀራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ «አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ ‹ፒፕል አር› ነው የሚባለው» ብላ አረመቻቸው።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ደወል እስኪደወል ድረስ ልጆቹ እጅ ለማውጣት ሲሽቀዳደሙ ነበር።

ስንወጣ፣ «አውቀው ነው አይደል የተሳሳቱት?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት እንደዚያ እያልኩ ሳስተምር አንድም ሰው አላረመኝ» አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ቀልዳቸውን ይሁን እውነታቸውን ከፊታቸው ማንበብ አቃተኝ። ጥናቱ ላይ «ሆን ብለው ተሳሳቱ» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።