ቱሊፕ በክትባት ፍሪጅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ዛሬ ልቤ አላርፍ ብሏል። ሆለታ አበባ እርሻ የሚሠራው ወንድሜ የላከልኝ ስድስት ሽንኩርት መሳይ የቱሊፕ ሥሮች ሁለት ወር ሙሉ ብርድ ካላገኙ አያብቡም። በጋምቤላ ሙቀት ብርድ ከየት ይመጣል? የቤቴ ፍሪጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞቃል። ታኅሣሥ ላይ በካኪ ወረቀት ጠቅልዬ ጤና ጣቢያችን የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ደበቅኳቸው። የፍሪጁ ኃላፊ እኔው ነኝ፤ በሩ ላይ «ከክትባት በቀር ምንም ነገር ማስገባት ክልክል ነው» ብዬ የለጠፍኩትም እኔው።

ጠዋት ኦባንግ ክትባት ሊያወጣ ገብቶ ጥቅሉን ይዞልኝ መጣ። ባለፈው ወር አንድ ጠርሙስ ውሃ ፍሪጁ ውስጥ ስላስቀመጠ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የጮኽኩበት ነርስ ነው።

«ሲስተር፣ ሽንኩርትሽ በቅሏል» አለኝ። ጥቅሉን አስረክቦኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ምነው በጮኸብኝ!

አሁን ቤቴ ጓሮ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተክያቸው ገባሁ። አፈሩ እስካሁን እጅ ያቃጥላል። ሦስቴ ወጥቼ አየኋቸው። ያብቡ አያብቡ እንጃ።

ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ኦባንግን ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ደጅ ተቀምጦ ከዚያው ከውሃ ጠርሙሱ ይጠጣል። ገና አፌን ሳልከፍት ጠርሙሱን ዘረጋልኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ። ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ነው፤ ይፋጃል።