ከትርፉ ለሁለታችን የተረፈው

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ሁለተኛው ዙር ዳቦ ወጣ። የጀሞ ካፌዎች ወሰዱ፤ እንደ ልማዳቸው በዱቤ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬም ዳቦ ቤቱን ያለ ባሌ ነው የከፈትኩት። በቀለ ተጣልተን ለቡ ሰፈር እህቱ ቤት ከገባ ሦስት ሳምንቱ። እሁድ ሽማግሌዎች ትርፉን ያካፍሉናል። መዝገቡ የዓመት ትርፍ 480 ሺ ብር ይላል፤ ባንክ ያለው እዚህ ግባ የማይባል። የት አደረሰው? ባለፈው እናቱ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። አይቆጨኝም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ
ሂሳብ አዋቂዋ ወ/ሮ ሰናይት ከጎፋ መጣች። ትርፍ ሌላ፣ ባለቤት ኪሱ የሚከተው ሌላ አለችኝ። ከትርፉ ተነሺ፤ በወረቀት ብቻ የተቀነሰውን የማሽን እርጅና መልሰሽ ደምሪ፤ ለማሽን የወጣውን፣ ዱቤ የቀረውን፣ ለባንክ የተመለሰውን ዋና ብድር ቀንሺ። የቀረው የእናንተ ነው። ጎሽ! ጉዱ ይወጣል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት
እርጅና 40 ሺ ተደመረ። ማቡኪያ ማሽኑ 190 ወሰደ። ካፌዎቹ ጋ 70። ባንክ 49። ገና 211 ሺ ይቀራል! በል እንግዲህ በቀለ፣ ተናገር።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ
ወ/ሮ ሰናይት የመስከረምን ገጽ ገልጣ፣ በአንድ ቀን 200 ሺ ምን ሸጣችሁ ነው አለች። እቁቡ! የመጀመሪያው ዕጣ ለኛ ወጣ፤ በደስታ ሽያጭ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። በቀለ በየሰኞው ከመሳቢያ እያወጣ የከፈለው ግን አንድም ቀን አልተጻፈም። ቀድመው የበሉት እቁብ ብድር አይደል? ከ211ዱ 200ው ተቀነሰ። የቀረው 11 ሺ። ለሁለታችን። ለዓመት።

ሌባ የለም። ኖሮም አያውቅም። እቁብ ነው፣ ማሽን ነው እያለ ለምኖኝ ነበር። እኔ ሌላ ሴት አለችው አልኩ። ልቤ ተሰበረ፤ የሰበርኩት ደግሞ ራሴ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ
ደወልኩ። አያነሳም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ተፈራ፣ መጡ። በቀለ ድርሻዬ ይቅር፣ ስሜን ብቻ ትመልስልኝ ብሏል አሉኝ። ስም ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀስ ብለው፦ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ።»

ሐምሌ 13፣ እሁድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት
እንቅልፍ የለም። ስሌቱን በንጹህ ወረቀት ገልብጬዋለሁ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እናቱ እግር ላይ ወድቄ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ ከ480 እስከ 11 አነባለሁ። ድርሻውን እሰጠዋለሁ፤ አምስት ሺ አምስት መቶ ብር። ስሙን ግን እንዴት አድርጌ…