ሞላላው ፊቴና ያንተ መርዶ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለእንዳላማው፣
አሰብ።

ለጤናህ እንደምን አለህ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? በልጅነትህ ከዛፍ ወድቀህ የሰበርከው ክንድህስ ብርድ የሌለበት አገር ተስማማው? ከመስቀል ወዲህ አንድ ቃል አልጻፍክልንምና ዘንድሮ ይህን የምጠይቅህ ለወጉ አይደለም፤ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አንተ ግን በደምበጫ ሰው ወሬ ሞተሃል፤ ጥፋቱም የፀጉሬ ነው።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ሥራነሽ የምትባል ሴት አዲስ አበባ ሙያ ተምራ መጥታ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታለች። ከመጽሔት የተቀደዱ ሥዕሎች ግድግዳዋ ላይ ለጥፋ ይህ ለክብ ፊት፣ ያ ለሞላላ ፊት እያለች ታስረዳለች። እኔን አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና «የኔ እመቤት፣ ሞላላ ፊት የታደለ ነው፤ የማይቀበለው ቁርጥ የለም። ወደ ላይ ብቻ አንከምረው፣ ፊትሽን ያስረዝመዋል» አለችኝ። የተከመረውን ተውኩ። ግንባር የሚሸፍነውንም ብዙ አስቤበት ተውኩት፤ ስቆጣ ተማሪዎቼ ቅንድቤን ማየት አለባቸው። በመጨረሻ ከጆሮ በላይ የሚቀረውን፣ ጎን ጎኑ ሞላ ያለውን መረጥኩ። አማረብኝ። ከዚያ ወዲህ ያማረልኝ ነገር ስለሌለ ይህችን እንኳ ልንገርህ ብዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናታችንን ልጠይቅ ደምበጫ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ ንፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈው። ቀኑ ገበያ ነበርና ያላየኝ የለም። በእኛ አገር ሴት እንዲህ የምትቆረጠው የቅርብ ሰው ሲሞትባት መሆኑን ታውቃለህ፤ እኔ ስለ ፊቴ ሳስብ ይህን ረሳሁት። ጎረቤታችን ፈንታዬ የተሸከመችውን ጌሾ ጥላ «ወየው እንዳላማው!» ብላ ደረቷን መታች። ለቅሶው ቀድሞኝ እቤት ደረሰ።

«ደኅና ነው፤ ምንም አልሆነም» አልኳቸው። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? ደኅና ነው ባልኩ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። ለአጎታችን ለካሴ የተቆረጥኩት ፊቴ ሞላላ ስለሆነ መሆኑን ከነምክንያቱ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ሰዉ ዞረና «ሐዘኑ ራሷን ነክቷታል፤ ውኃ ስጧት» አለ። ንፍሮውም ቀረበ። ለአንተ ከተቀቀለው ያልቀመስን እኔና እናታችን ብቻ ነን።

እናታችን አላለቀሰችም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሰዉ ገለል ሲል አጠገቧ አስቀመጠችኝና «በዓይንሽ አይተሽዋል?» አለችኝ። ማዪልኝ ብትለኝ በማርያም እምልላት ነበር። እርሷ የጠየቀችኝ ማየቴን ነው። በዓይኔስ አላየሁህም። ያን ጊዜ፣ ወንድሜ፣ እኔም ፈራሁ። እርሷም «እስከ ሆሳዕና እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምላጭ አምጡልኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህል ከአፏ አልገባም።

ሰኞ ቴሌግራም መታሁልህ፤ እስካሁን መልስ የለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ አሰብ ለሚወርደው ለከባድ መኪና ሹፌሩ ለታረቀ ሰጥቼዋለሁ። ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ፣ ካላገኘህም መልሶ እንዲያመጣልኝ አስምዬዋለሁ። ደብዳቤ ብትጽፍ እኔ የፈጠርኩት ይመስላቸዋልና ፎቶግራፍ ተነሥተህ ላክ። ፀጉርህን ግን እንዳትነካው፤ ሌላ ሰው ትገድልብናለህ። ለእኔ ደግሞ ፎቶግራፉ እስኪታጠብ አትጠብቅ፤ አለሁ የምትል አንዲት ቃል በቴሌግራም ምታልኝ።

አጎታችን ካሴ በሕይወት ካለህ ሰላም ብሎሃል። ታናሽ እኅታችን ያለምወርቅ ለቅሶውንም ሳቁንም እያፈራረቀች ትስምሃለች። ፈንታዬ ነፍስህን ይማር ብላለች፤ እንደ ሰላምታ ቁጠረው። እናታችን ሰላም በይልኝ አላለችም። ልወጣ ስል ግን ከማተቧ ክር መዝዛ «ካለ፣ አንገቱ ላይ ይሰረው» ብላ ሰጠችኝ። እዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ። ፎቶግራፉ ላይ ይታይ።

እኅትህ የብርጓል
ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 11 ቀን 1961 ዓ.ም.