የማጣሪያው ቄጤማ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፤ ጠዋት 2 ሰዓት
የፍሳሽ ማጣሪያውን የመግቢያ ወንፊት አጸዳሁ። እንደ ወትሮው ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ አንድ የልጅ ጫማ። የት/ቤቱና የጤና ጣቢያው መጸዳጃ ፍሳሽ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይዘቅጣል፤ ከዚያም ጠጠርና ቄጤማ ባለበት መደብ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። መውጫው ላይ በብርጭቆ ቀዳሁ። ጥርት ያለ ነው። ከታች ሽንኩርት የሚያለሙት ጋሽ ሰይድ የሚጠልፉት ይህንን ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቷል፤ በቀበሌው ለምለም ነገር ያለው እኔ መደብ ላይ ብቻ ነው። ማስታወሻዬ፣ ትንሽ ኮራሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8
ጋሽ ሰይድ በማለዳ መጡ። ውኃው ደፍርሷል፤ ይሸታል። "ወላሂ፣ ይኼን የጠጣ ሽንኩርት ለጠላትም አይሸጥ!" ብለው ሳቁ፤ ቦያቸውን ግን ዘግተዋል። ወደ መደቡ ሮጥሁ። ግማሹ የለም። ቄጤማው ከነሥሩ ተነቅሏል፤ ጠጠሩ ተረጋግጧል። የት/ቤቱን ጥበቃ ጠየቅሁ። ዲያቆናቱ ለቀዳም ሥዑር ወስደውታል፤ ቄሱ ፈቅደዋል አለኝ። ቄሱ አባቴ ናቸው።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት
አባባን ከስግደት ሲመለሱ አገኘኋቸው። ቅዳሜ ካህናቱ ያንን ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ሊዞሩ፣ ሰውም ግንባሩ ላይ ሊያስረው ነው። ሕፃናት ነጩን ግርጌውን ያኝኩታል፤ እኔም አኝኬ አድጌያለሁ። ቄጤማው ቆሻሻ የያዘ መሆኑን ነገርኋቸው። "ውኃው ጠርቶ ይወጣል ብለሽ በብርጭቆ ያሳየሽን አንቺ አይደለሽ? ውኃው ከጠራ ሣሩ ምን ሆነ?" አሉኝ። ውኃው የሚጠራው ቆሻሻው እዚያው ሥሩና ጠጠሩ ላይ ስለሚቀር መሆኑን አስረዳሁ። ነገሩ ከተሰማ ካህናቱ መሳቂያ ይሆናሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ይህ አያጽናናም።

ዓርብ፣ ስቅለት
የቄጤማው እስር ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተከምሯል። ስሰግድ ዋልሁ፤ ልቤ ግን ክምሩ ጋ ነበር። በድብቅ ማውጣት? አይሆንም። ነገ አባባ ዝም ካሉ ቅጽሩ በር ላይ ቆሜ እናገራለሁ።

ቅዳሜ፤ 4 ሰዓት
አልተናገርሁም። አባባ ገና ሲነጋጋ ዲያቆናቱን ጠርተው እስሩን በሙሉ አስቀብረዋል። ካህናቱ መስቀል ብቻ ይዘው ዞሩ። በድርቁ ምክንያት ዘንድሮ ቄጤማ አልተገኘም ብለው አባባ ለሰዉ ተናገሩ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ እኔ እየሰማሁ፦ "ያ ሁሉ ቄጤማ በቅሎላት! ልጅቱ ለእግዜርም ትሰስታለች እኮ!"

9 ሰዓት
ስስታም መባሉን እችለዋለሁ። ነገር ግን ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ለከርሞ ራሱ መጥቶ ያጭደዋል፤ መደቡ አጥር የለውም። ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ በቀበሌው ስብሰባ፣ መጸዳጃውን መጸዳጃ ብዬ፣ እናገራለሁ። ይህ የአባባን ቃል በሰው ፊት ማፍረስ ነው። አስቀድመው ከእኔ ሊሰሙት ይገባል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ደስ ብሏቸው ሳለ ብነግራቸው ይቀለኛል። ለእኔ ይቀለኛል። እርሳቸው ግን ዛሬ ማታ መቅደስ የሚገቡት ያንን እውነት ያልሆነ ቃል ተናግረው ነው።

ከቅዳሴ በፊት ይሁን። አሁን ጓዳ ልብሰ ተክህኗቸውን እያጣጠፉ ነው። ልሂድ።