እትዬ ሜትር፦ ከስፌት ቤት እስከ ሦስት የጭነት መኪና

ሾፌሮች ባወጡላቸው ስም እትዬ ሜትር እየተባሉ የሚጠሩት እናታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ፣ በጸባይ ግን መምህራኑ እስከ መጨረሻው ያልተስማሙባቸው ተማሪ ሆኑ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ አባታቸው ስለታመሙ፣ በስፌት ቤቱ ወንበር ላይ እሳቸው ተተኩ።

በ1975 ዓ.ም. ከዝምተኛው አናጢ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። አባታችን በ1987 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ፣ የስፌቱ ገቢ ብቻውን ቤቱን አልሸፍን አለ።

የወንበር ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሾፌሮች ጭነት ሞልቶ የሚጭነው መኪና እንደጠፋ ሲያወሩ ይሰሙ ነበርና፣ በ1989 ዓ.ም. ቤታቸውን አስይዘው ከአንድ ፋብሪካ ጨረታ አሮጌ የጭነት መኪና ገዙ። ስለ ጭነት መኪና እስከዚያች ቀን የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ መንገድ ሲሻገሩ ማሳለፍ እንዳለባቸው ነው። ታላቅ ወንድማቸው፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጎማው ስንት እንደሆነ እንኳ ሳታውቂ!» ብለው ቢቆጡ፣ «ስድስት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ» ብለው መለሱ። መለዋወጫው ጎማ ሰባተኛ መሆኑን የቀጠሯቸው ሾፌር በኋላ ነግረዋቸዋል።

የዝናብ ሸራውን ሌላ ሰው ይስፋው ማለት አልሆነላቸውም። መኪናውን ዙሪያውን ለክተው፣ ቆርጠው፣ ልክክ አድርገው ሲያለብሱት ሰፈሩ ሙሽራ እንደሚያይ ወጥቶ አየ። የለኩት ግን ባዶውን መኪና ነበር። ሰው ምሳ በልቶ ያን ያህል አይሰፋም፤ መኪና ግን ሲጫን ከጎኖቹ በላይ ይቆለላል።

የመጀመሪያ ጭነታቸው የአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ሲሚንቶ ነበር። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው፤ ሸራው ዳር ዳሩን አልደርስ ብሎ ሠላሳ አንድ ኩንታል ድንጋይ ሆነ። ተቋራጩ ውሉን ካፈረሱ መኪናውም ቤቱም አብረው መሄዳቸው ነው። ሾፌሩ ከነእርጥብ ልብሳቸው መጥተው፣ «እትዬ፣ ከመጋዘን ሲወጣ ነው የረጠበው እንበል፤ ማን አየን?» አሉ።

«ታዲያ የመጋዘኑ ጠባቂ በእኔ ጥፋት ከሥራው ይባረር? ሸራውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ እናታችን።

በማግስቱ ተቋራጩ ቢሮ ሄደው ሸራውን መሬት ላይ ዘረጉና፣ ስንት እንዳጠረ በሜትር ለክተው አሳዩ። ተቋራጩ ሸራውን አይተው፣ እሳቸውን አይተው፣ «እህቴ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ በረጠበብኝ ቁጥር ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ዕድልህ ነው ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ‹እኔ ነኝ› ያለ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። የተበላሸውን እንዲተኩ፣ ቀሪውን ጭነት ግን እንዲቀጥሉ ፈቀዱላቸው።

እናታችን ሲሚንቶውን ለመተካት አምስት ወር ለሌሎች መኪኖች ሸራ ሰፉ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው ካልተጫነ ሜትር አያነሱም ነበር። ሾፌሩ ሁሉ ከነጭነቱ በራቸው ላይ ይሰለፍ ጀመር፤ ስማቸውም ያኔ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. ሁለተኛውን፣ በ2003 ዓ.ም. ሦስተኛውን መኪና ገዙ። ቤታቸው ከመያዣ ወጣ፤ ልጆቻቸው ከዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። መንጃ ፈቃድ ግን አላወጡም፤ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው «ቀስ!» ማለት ይበቃቸው ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለስምንት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ያኔ ተቆጥተው ኋላ የሸራና የመለዋወጫ መጋዘናቸውን ቁልፍ የያዙ ታላቅ ወንድማቸው አሏቸው።

በመጨረሻው ሳምንት አንጋፋው ሾፌር አልጋቸው አጠገብ ቆመው፣ «እርስዎ እንዲህ ሆነው መኪና አናንቀሳቅስም» ሲሉ፣ «እኔ የትም አልሄድም፤ ጭነቱ ግን ቀን አለው። ብሞትም እንዳታቆሙ» ብለዋቸዋል። ስለዚህ ሦስቱ ሾፌሮች ዛሬ በመካከላችን የሉም፤ እባካችሁ አትቀየሟቸው። በዚህ ሰዓት ሦስቱም መኪኖች ተጭነው መንገድ ላይ ናቸው።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበል፤ ለእነርሱም መንገዱን ያቅናላቸው።